«በዚህ ዕድሜህ?» ያልኩበት ቀን

አንድ ነገር ሆዴን ሲበላኝ ነው የሰነበተው። በዚህ ገጽ ስለ ትዳር፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ሥራ ስትጽፉልኝ «እንዲህ አድርጉ፣ እንዲያ አታድርጉ» እያልኩ ስመክር ከርሜአለሁ። ዛሬ ግን መካሪዋ ራሷ ያበላሸችውን ነው የማወራችሁ። ያበላሸሁበት ምክር ረጅም አልነበረም። «በዚህ ዕድሜህ?» ነው ያልኩት፤ ሁለት ቃል! እሷኑ ሁለት ቃል መልሼ ለመዋጥ ሰባት ዓመት ፈጀብኝ።

ነገሩን የቀሰቀሰው ባለፈው ነሐሴ ከቡታጅራ የደረሰኝ ደብዳቤ ነው። ጸሐፊዋ የሦስት ልጆች እናት ነች። «ባለቤቴ 52 ዓመቱ ነው፤ ልብስ ሰፊ ነው» ትላለች። «ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከጎረምሶች ጋር ቴአትር እለማመዳለሁ እያለ ማታ ማታ ይወጣል። ሰው መሳቂያ አደረገን። እሱ ያንቺን ጽሑፍ ያነባልና እባክሽ ይተው ብለሽ ጻፊበት» አለችኝ። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብቤ አጠፍኩትና መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። መልስ አጥቼ አይደለም። መልሱን ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው ሰጥቼው ስለነበር ነው።

የዚህ ገጽ ደንብ ይታወቃል፤ የሰው ስም አንጠራም። ስለዚህ ያንን ሌላ ሰው «አጎቴ» እያልኩ ብቻ ነው የምሄደው። በሥራቸው አደባባይ የወጡትን ግን በስማቸው ብጠራ የሚቀየመኝ ያለ አይመስለኝም።

የአታቱ ሻይ ቤት

አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ የሚኖረው አታት ነው። አታትን ለማታውቁ፣ ከአዲስ አበባ በጅማ መንገድ 155 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ ወልቂጤ ትገባላችሁ፤ ከዚያ በጉብሬ በኩል ወደ ቸሃ ስትዘልቁ ግራና ቀኙ እንሰት የሆነ አገር ይቀበላችኋል። አታትን በሩቅ ያሳወቀው ሆስፒታሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የካቶሊክ መነኮሳት ያቋቋሙት ነው። ከሩቅ ገጠር የሚመጡ ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው እስኪደርስ የሚጠብቁበት የእናቶች ማቆያም እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ አለው። እንግዲህ የኛ ቀበሌ ሰው ሲወለድም፣ ሲታመምም፣ ሲያስታምምም እዚያው ነው።

የአጎቴ ሻይ ቤት ከሆስፒታሉ በር ብዙ አይርቅም። አራት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ትልቅ ማንቆርቆሪያ... በቃ። ደንበኞቹ አብዛኞቹ አስታማሚዎች ናቸው። አስታማሚ ደግሞ ታውቁት የለ! ሻዩን ያዛል እንጂ አይጠጣውም፤ ዓይኑ በር በሩን ነው። አጎቴ ይህን ስለሚያውቅ ሻይ እየቀዳ ሰው ያስመስላል። የሚኒባስ ረዳት ሆኖ «ወልቂጤ! ወልቂጤ! አንድ ሰው!» ይላል። ግብር ሰብሳቢ ይሆናል። በሽምግልና ላይ ተራው ደርሶ ጉሮሮውን እየጠረገ ጊዜ የሚያባክን አዛውንት ይሆናል። አስታማሚው ሳያውቀው ይስቃል፤ ሲስቅ ደግሞ ሻዩን ይጠጣል።

ይህን ነገር የተማረው ኪነት ውስጥ ነው። በደርግ ጊዜ ኪነት ያልነበረው ቦታ አልነበረም፤ ቀበሌው፣ ወረዳው፣ አውራጃው፣ ሁሉም የየራሱ ኪነት ነበረው። አጎቴ በ1972 ዓ.ም. አካባቢ ገና በሃያ ዓመቱ ነው የገባው። ድምፁ ወፍራም ስለነበረ ሽማግሌ አድርገው አሰለፉት። ከዚያ ወዲያ ወጣት ሆኖ መድረክ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ልጅቷን የሚያገባው መልከ መልካሙ ነው፤ መጨረሻ ላይ ባንዲራ ይዞ የሚዘምረው መልከ መልካሙ ነው። ባላባት፣ አራጣ አበዳሪ፣ አድኃሪ ሲመጣ ግን ለአጎቴ ነው። አንድ ጊዜ ባላባት ሆኖ ደሃ ገበሬ ካስለቀሰ በኋላ በነጋታው ገበያ ቢሄድ አንዲት ባልቴት «ለአንተ አልሸጥም!» ብለው ቆጮ ከለከሉት። ይህን ሲያወራ ደረቱ ይነፋል። «ጭብጨባማ ለሁሉም ያጨበጭባሉ፤ ቆጮ የተከለከልኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ» ይላል።

በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ኪነቱም ተበተነ። ቤተሰቡ እፎይ አለ። በኛ አገር ወንድ ልጅ ነፍስ ካወቀ መርካቶ ይገባል፤ ጫማ ይጠርጋል፣ ሱቅ በደረቴ ይዞራል፣ ይቆጥባል፣ ሱቅ ይከፍታል። ቴአትር የሚባል መንገድ እዚያ ውስጥ የለም። አያቴ «ቴአትር እንጀራ አይሆንም» ይሉ ነበር፤ እውነታቸውን ነው። አጎቴም መርካቶ ገብቶ ሰው ቤት ሠራ፤ ያጠራቀማትን ይዞ ተመለሰና ሻይ ቤቱን ከፈተ። ልጆቹን ያሳደገው በሻይ ነው።

አስናቀ የመጣ ጊዜ

በ2003 ዓ.ም. የ14 ዓመት ልጅ ነበርኩ። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን «ሰው ለሰው» የሚባል ተከታታይ ድራማ ጀመረ። መቼም የማታስታውሱት የላችሁም። ሦስት ዓመት ገደማ አገር ምድሩን ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጦ አስቀረው። ድራማው ያለበት ምሽት የአጎቴ ሻይ ቤት መቆሚያ አይገኝበትም ነበር። ያ ባለገንዘቡ ተንኮለኛ፣ አስናቀ፣ ብቅ ሲል ቤቱ ይታመሳል። «እሳት ይብላህ!» «ቀን ይጣልህ!» ልጇን ሆስፒታል ያስተኛች አንዲት እናት ትዝ ትለኛለች። ሦስት ቀን ሙሉ ሻይ ቤቱ ጥግ ስትቀመጥ ድምጿን የሰማ አልነበረም። የዚያን ቀን ማታ ድምጿ የወጣው አስናቀን ስትረግም ነው።

አጎቴ ግን አይረግምም። ማንቆርቆሪያውን እንደያዘ መሐል ቤት ቆሞ ይቀራል። አንድ ማታ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ አንተ ለምንድን ነው የማትረግመው?»

«እኔማ እየተማርኩበት ነው» አለኝ። «ዓይኑን እዪው። ክፉ ሰው ራሱን ክፉ ነው ብሎ አያውቅም፤ ይኼ ሰውዬ ይህ ገብቶታል። ሰው እንዲህ ሲረግመው ምርቃቱ ነው፤ የሥራው ደሞዝ ነው።»

ከዚያ ወንበር ስቦ አሳየኝ። «ሽማግሌ ሁኚ ቢሉሽ ጀርባሽን ታጎብጫለሽ አይደል? ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ሽማግሌ ግን ከመቀመጡ በፊት ወንበሩን በእጁ ይፈልጋል። ወንበሩን አያምነውም። ሲነሳ ደግሞ ከመነሳቱ በፊት በልቡ አንድ ጊዜ ይነሳል።» እጁን ወደ ኋላ ሰድዶ ወንበሩን ዳበስ አደረገና ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ የ50 ዓመቱ አጎቴ ዓይኔ እያየ 80 ሞላው።

አስናቀን ሆኖ የተጫወተው አርቲስት አበበ ባልቻ ነው። ትምህርቱ ሕግ ነው፤ መድረኩን ደግሞ ለብዙ ዓመታት ያልለቀቀ አንጋፋ ተዋናይ ነው። የአዲስ አበባ የቴአትር ተመልካች ከድሮም ያውቀዋል። እኛ አታት ላይ ያወቅነው ግን ሰውየው የወጣትነት ዘመኑን ጨርሶ፣ ጎልማሳነቱንም ካጋመሰ በኋላ ነው። በአንድ ድራማ አገር ሁሉ አስናቀ አለው። ያን ጊዜ ሰው «ከየት የመጣ ነው?» ይል ነበር። ከየትም አልመጣም፤ እዚያው ነበር።

ታዲያ ለምን ዘገየ? እኔ በኋላ ሳስበው ሁለት ምክንያት ታየኝ። አንደኛው መድረክ ራሱ ነው። ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ። ዛሬ ብሔራዊ የምንለው ቴአትር በ1948 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ተከፈተ። ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው። ተዋናይ መድረክ ላይ ሲሠራ የሚያየው አዳራሹ የያዘው ሰው ነው፤ መጋረጃው ሲዘጋ ሥራውም አብሮ ያበቃል። የአታት ሰው ደግሞ አዲስ አበባ የሚሄደው ሊነግድ እንጂ ቴአትር ሊያይ አይደለም። ስለዚህ ሰውየው አልዘገየም፤ እሱን የሚያሳየን መስኮት ነው አታት ዘግይቶ የደረሰው።

ሁለተኛው የድርሰቱ ነገር ነው። በሁለት ሰዓት ፊልም ውስጥ ጊዜው የሚያልቀው ለሚፋቀሩት ወጣቶች ነው። አባትየው ብቅ ብሎ ተቆጥቶ ይገባል። በየሳምንቱ እየተቀጠለ ዓመታት የሚዘልቅ ድራማ ሲመጣ ግን ለአባትየውም፣ ለክፉውም፣ ለሽማግሌውም ቦታ ይተርፋል። ዕድሜ ልኩን በአሥር ደቂቃ ሰው ሆኖ መግባትና መውጣት የለመደ ተዋናይ ሦስት ዓመት ቢሰጡት ምን እንደሚያደርግ ያኔ አየን።

ይህ ደግሞ የአንድ ሰው ብቻ ታሪክ አይደለም። አባባ ተስፋዬን ማን ይረሳል? ተስፋዬ ሳህሉ በ1915 ዓ.ም. የተወለዱ የመድረክ ሰው ነበሩ። ሴት መድረክ ላይ በማትወጣበት ዘመን የሴት ልብስ ለብሰው ሴት ሆነው ተጫውተዋል፤ ኮሪያ ድረስ ሄደው ዘማቹን አዝናንተዋል። አገር ሁሉ «አባባ» ያላቸው ግን በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን ከተጀመረ ወዲህ፣ ዕድሜያቸው አርባን ተሻግሮ ነው። ከዚያ ከአርባ ዓመት በላይ ለልጅና ለልጅ ልጅ ተረት አወሩ። በ2009 ዓ.ም. ሲያርፉ ያለቀሰላቸው ጸጉሩ የሸበተ ሕፃን ብዙ ነው።

ፈረንጅ አገርም ቢሆን ያው ነው። ሞርጋን ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ1937 የተወለደ ነው። በሰባዎቹ ዓመታት አሜሪካ ውስጥ የልጆች ቴሌቪዥን ላይ ይሠራ ነበር። «ስትሪት ስማርት» በሚባል ፊልም በ1987 ዓይን ውስጥ ሲገባና ለኦስካር ሲታጭ ሃምሳ ዓመቱ ነው። ኦስካሩን የወሰደው ደግሞ በ2005፣ በ67 ዓመቱ ነው። አጎቴ ይህን ስነግረው «ስድሳ ሰባት!» ብሎ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠ። ያን ጊዜ ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ...

ያ ቀን

2011 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ነው። እኔ ወልቂጤ ቤት ተከራይቼ፣ ለጋዜጣ መጻፍ ጀምሬ፣ ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌአለሁ። ሁለት ወጣቶች ዘመድ ሊጠይቁ አታት ሄደው አጎቴ ሻይ ቤት ይቀመጣሉ። በጉራግኛ አጫጭር ድራማ እየቀረጹ የሚለቁ ልጆች ናቸው። አጎቴ እንደ ልማዱ ያስመስላል። ልጆቹ ተያዩ። «ጋሼ፣ የሙሽራዋ አባት የሚሆን ሰው አጥተን ነው የተቸገርነው፤ አንተ ትሆንልናለህ?» አሉት። ገንዘብ የለም፤ ትራንስፖርትና ምሳ ግን እንችላለን አሉት።

አጎቴ እሺም እምቢም አላለ። ቅዳሜ እኔ ስመጣ ጠብቆ ከጓዳ ጠራኝ። ሸሚዝ ቀይሯል፤ ጢሙን ተላጭቷል።

«አንቺ ጋዜጣ ላይ ትጽፊያለሽ፤ ነገሩ ይገባሻል። ምን ትያለሽ?»

እኔም «ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜህ?» አልኩት።

ብሎ መተው ነበር። እኔ ግን ቀጠልኩ። ሰው ይስቅብሃል፤ ልጆችህ ያፍራሉ፤ ስልክ ለስልክ ሲያዞሩህ ጥሩ ነው? አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ። «እውነትሽን ነው» አለና ሻይ ሊቀዳ ወጣ።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ልንገራችሁ፤ ለእሱ አስቤ አይምሰላችሁ። እኔ በ2007 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት አልመጣልኝም። ጓደኞቼ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ እኔ ቤት ቀረሁ። መጻፍ ስጀምር ጎረቤት «ይህችም የአጎቷን ወሬ ወረሰች» ብሎ አማኝ፤ ጆሮዬ ደርሷል። ከአጎቴ ጋር በአንድ ስም እንዳልጠራ ፈራሁ። እሱ ቪዲዮ ላይ ወጥቶ ቢሳቅበት ሳቁ እኔ ላይ የሚደርስ መሰለኝ። ምክር ብዬ የሰጠሁት የራሴን ፍርሃት ነው።

ልጆቹ ሌላ ሰው ፈልገው ሠሩት። ቪዲዮውን በስልኬ አየሁት። አባት የሆነው ሰውዬ ጀርባውን አጉብጦ፣ ከዘራ ይዞ፣ እያሳለ ገባና ወንበሩን ዞር ብሎ ሳያየው እንደ ጎረምሳ ዘፍ አለበት። እኔ ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ «ወንበሩን አያምነውም!» ብዬ ጮህኩ። ለአጎቴ አላሳየሁትም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ታዘብኩ። አጎቴ ማስመሰሉን ቀነሰ። መጀመሪያ ረዳቱ ቀረ፤ ቀጥሎ ግብር ሰብሳቢው ቀረ፤ በመጨረሻ ሽማግሌውም አልመጣ አለ። ሻዩን ይቀዳል፣ ሒሳቡን ይቀበላል። አስታማሚዎቹም ዓይናቸው በር በሩን እንዳየ ሻዩ ይቀዘቅዝባቸዋል። የጠየቀው ሰው የለም። እኔም አልጠየቅሁ፤ መልሱን አውቀው ነበራ!

ለሁሉም አይደርስም

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ልዋሻችሁ አልፈልግም። «ጠብቁ፣ ቀናችሁ ይመጣል» ብዬ ብጽፍ ደስ ይላችሁ ይሆናል፤ ውሸት ነው። አንድ አበበ ባልቻ እስኪወጣ ድረስ ስንት ሽማግሌ፣ ስንት ዘበኛ፣ ስንት መልእክተኛ ሆኖ መድረክ ላይ የወጣ ሰው ስሙ ሳይታወቅ ጡረታ ወጥቷል። ያየናቸው የደረሰላቸውን ነው። ያልደረሰላቸውን ማንም አልቆጠራቸውም።

ሲያስታውሷቸው ግን የደረሰላቸው ሰዎች አንድ የሚመሳሰሉበት ነገር አላቸው። ሲጠብቁ ሥራ አልፈቱም። ተዋናይ ባይሆንም የሙዚቀኛውን የኃይሉ መርጊያን ታሪክ ልጥቀስላችሁ። የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር፤ በሂልተን ሆቴል ሲጫወቱ ስማቸው ገናና ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ አሜሪካ ሄደ፤ ኃይሉ እዚያው ቀረ። ከዚያ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ ነዳ፤ አንድ ዓመት ሁለት ዓመት አይደለም፣ ረጅም ዘመን። ታዲያ ኤርፖርት ላይ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። በ2013 በ1985 የሠራው ካሴት በአንድ አሜሪካዊ አማካይነት እንደገና ሲታተም ዓለም ጉድ አለ። ከስልሳ ዓመቱ በኋላ በየአገሩ መድረክ ላይ ወጣ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የሚባል አዲስ አልበም አወጣ። ያ ኪቦርድ ከመኪናው ውስጥ ባይኖር ኖሮ፣ ሲጠሩት ጣቱ የት ይገኝ ነበር?

ሌላም አለ። ዩን ዮ ጆንግ የምትባል ኮሪያዊት ተዋናይት እ.ኤ.አ. በ2021 «ሚናሪ» በሚባል ፊልም ኦስካር ስትቀበል 73 ዓመቷ ነበር። ወጣት ሆና ታዋቂ ነበረች፤ አግብታ አሜሪካ ሄደች፣ ሥራውን ተወች፣ በኋላ አገሯ ተመለሰች፣ ከባሏም ተለያይታ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ይዛ ቀረች። ከዚያ ትልቅ ትንሽ ሳትል የተሰጣትን ክፍል ሁሉ ሠራች፤ ልጆቿን ማብላት ነበረባት። ሽልማቱን ስትቀበልም ወጥታ እንድትሠራ ያስገደዷትን ልጆቿን አመስግናለች። ኮከብ እሆናለሁ ብላ ሳይሆን ልጆቿ ጾማቸውን እንዳያድሩ ብላ የያዘችው ሥራ ነው ያደረሳት።

አበበ ባልቻ ሕግ ነበረው። ኃይሉ ታክሲ ነበረው። አጎቴ ሻይ ነበረው። እንጀራው በአንድ እጅ፣ ሙያው በሌላው። እኔ ከአጎቴ አንዱን እጅ ቆረጥኩበት።

መስቀል

በ2018 ለመስቀል አታት ሄድኩ። መስቀል ደግሞ በኛ አገር ታውቁታላችሁ፤ መርካቶ ያለው፣ ሐዋሳ ያለው፣ የተጣላው፣ የራቀው ሁሉ ይመጣል። ክትፎው ወጣ፣ ቆጮው ተቆረሰ፣ አይቡና ጎመኑ ቀረበ። ቤቱ ሞልቶ እኔና አጎቴ በረንዳ ላይ ተገናኘን። የቡታጅራዋን ደብዳቤ ነገርኩት። እስኪጨርስ ጎርሶ «እና ምን አልሻት?» አለኝ።

«እስካሁን አልመለስኩላትም።»

«ለምን?»

«ለአንተ ያልኩህን እንዳልደግምባት ፈርቼ» አልኩት። ከዚያ ያልወጣልኝ ነገር የለም። ውጤቴንም፣ የጎረቤቱን ሐሜትም፣ ቪዲዮውንም፣ ያንን ዘፍ ያለውን ሰውዬም ነገርኩት። «ጋሼ፣ ይቅር በለኝ» አልኩት።

ይቆጣል ወይ ያለቅሳል ብዬ ጠበቅሁ። አጎቴ ግን እጁን በሳህኑ ላይ እንዳንጠለጠለ ራሱን ነቀነቀ።

«አንቺ ልጅ፣ አንቺ ብቻ አይደለሽም። እኔም ፈርቼ ነበር። ሰላሳ ዓመት እኮ ሻይ ስቀዳ ‹ጊዜ ባገኝ ኖሮ› እያልኩ ነው የኖርኩት። ልጆቹ መጥተው ‹ይኸው ጊዜ› ሲሉኝ ጉልበቴ ከዳኝ። ባልችልበትስ? አንቺ ‹ይቅር› ስትይ ተገላገልኩ። አልሄድኩም የምለው አንቺን ሰበብ አድርጌ ነው።»

ሁለታችንም ዝም አልን። ከውስጥ ልጆች ይጮሃሉ። ከዚያ አጎቴ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማው ያህል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ሰውዬው ወንበሩን ጭራሽ አልዳበሰውም?»

«ጭራሽ!»

«ጉድ ነው» አለና ሳቀ። ያን ሳቅ ሰባት ዓመት አልሰማሁትም ነበር።

የቡታጅራዋ እህቴ ሆይ

አሁን መልስሽን ልስጥሽ፤ ስለዘገየሁ ይቅርታ። ስጋትሽን አልንቀውም። የሦስት ልጆች እናት ነሽ፤ ቴአትር እንጀራ አይሆንም ያሉት አያቴም አልተሳሳቱም። ስለዚህ ባለቤትሽን ሁለት ነገር ጠይቂው። ልምምድ ያለበት ማታ የሚቀረው ልብስ መቼ ነው የሚሰፋው? ለልጆቹ የተቀመጠው ገንዘብስ ይነካል ወይ? ለሁለቱም ደህና መልስ ካለው ሥራውን አልተወም ማለት ነው፤ እንጀራችሁ በቦታው ነው። መልስ ከሌለው ተጣዪው፤ እኔም ካንቺ ጋር ነኝ።

«ሰው ይስቅብናል» ላልሽው ግን አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ። ሰው ስቆ ወደ ቤቱ ይገባል። ከሰውየው ጋር ቤት የምትውይው አንቺ ነሽ። እኔ አንድ ሰው እንዳይሳቅበት ብዬ ያተረፍኩት ሳቁን ያጣ ሰው ነው። ቴአትራቸው የሚታይ ቀን ሲደርስ ልጆችሽን ይዘሽ ሂጂና ተቀመጪ። መጥፎ ከሆነ ቤት ስትገቡ ንገሪው። ጥሩ ከሆነም ንገሪው። ኮከብ ይሆናል አልልሽም። ምናልባት ዕድሜ ልኩን ሽማግሌ ሆኖ አሥር ደቂቃ ወጥቶ ይገባ ይሆናል። አሥሩ ደቂቃ ግን የእሱ ነው።

አንቺም አንተም፣ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ ማታ ማታ የሚሥል፣ የሚጽፍ፣ ክራር የሚነካካ፣ ሰው የሚያስመስል፣ «በዚህ ዕድሜህ?» ከማለታችሁ በፊት የማን ፍርሃት እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠይቁ።

የአጎቴ ነገር የት ደረሰ ካላችሁኝ፣ ከመስቀል በኋላ እነዚያን ልጆች አፈላለግሁ። አንደኛው ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል። ሁለተኛው ወልቂጤ የሠርግ ቪዲዮ ይቀርጻል። ድራማውን ካቆመ ቆይቷል፤ «አሁን የያዝኩት ነገር የለም፤ ግን አንድ ታሪክ አስቤአለሁ፤ ከጀመርኩ ሽማግሌ ያስፈልገኛል» አለኝ። ሌላ የተናገረው የለም። ይህንኑ ሳልጨምር ሳልቀንስ በስልክ ለአጎቴ ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ፣

«ሽማግሌው ጢም አለው?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ ጋሼ፤ ገና አልተጻፈም እኮ!»

«ለማንኛውም» አለ።

ባለፈው ሳምንት ሄጄ አየሁት። 65 ዓመቱ ነው፤ ጢሙን ማሳደግ ጀምሯል። ሻይ ቤቱ ውስጥ አንድ አስታማሚ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሻዩን ይጠጣ ነበር፤ አጎቴ ከፊቱ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል።